የአግሪፒና አበልጅ

ታኖን የገደለው የአረቄ ማውጫ የመዳብ ጋን የፈነዳው ጥር ውስጥ፣ ጠዋት ላይ ነው። እኔ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ታኖና ሚስቱ አግሪፒና ከሥሬ ምድር ቤት። ባቄላ እየለቀምኩ ቁጭ ባልኩበት ወለሉ ከእግሬ ሥር ዘለለና ሳህኖቼ ሁሉ ከመደርደሪያው ወረዱ። ከዚያ የአግሪፒናን ድምፅ ሰማሁ። አትጮህም ነበር። ባሏን ከእንቅልፍ እንደምትቀሰቅስ ሴት ስሙን ደጋግማ ትጠራለች። ቧንቧው በድፍድፍ ተደፍኖ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ነው አሉ። ታኖ ሁለት ቀን ሲሰቃይ ቆይቶ ሞተ።

መጠጥ የሚከለክለው ሕግ ከወጣ ወዲህ በቴይለር መንገድ ግራና ቀኝ ጋን ያልተተከለበት ወጥ ቤት አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጋኑን የሚተክለው ዶን ጋስፓሬ ነው። ስኳሩን የሚልከው እሱ፣ አረቄውን የሚያስወስደው እሱ፣ ቺካጎን ሙሉ የሚያጠጣውም እሱ ነው ይባላል። እኛ እሳቱን እንጠብቃለን፣ ድፍድፉን እናማስላለን፣ ሽታውን ለብሰን እንውላለን። ክፍያው መጥፎ አልነበረም፤ ዋሽቼ ምን አገኛለሁ። ባሌ ሳሮ ከቄራ ከሚያመጣው ይሻላል፤ ስለዚህ ሳሮ በጋኑ ላይ ክፉ ቃል ተናግሮ አያውቅም። የሰፈሩ ፖሊስም የድርሻው ስለሚደርሰው አፍንጫው ከተዘጋ ቆይቷል።

ታኖ በተቀበረ በሳምንቱ ሊቦሪዮ አዲስ ጋን ይዞ መጣ። ሊቦሪዮ የዶን ጋስፓሬ ቀኝ እጅ ነው። ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ አንገት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም፤ ሲናገር ግን ድምፁ ቀጭን ነው። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በመንገዱ ሲያልፍ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ውስጥ ይጠራሉ። ጋኑን ወጥ ቤት አስገብቶ መትከል ሲጀምር አግሪፒና ጥቁሯን ለብሳ፣ የገፋ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ በሩ ላይ ቆማ አየችው።

«እዚህ አታስቀምጠው» አለችው።

«ሥራ ነው፣ አግሪፒና።»

«ባሌ የሞተው በዚህ ነው።»

«አውቃለሁ። ነፍሱን ይማረው። ይሄኛው ግን ደህና ነው፤ መዳቡ ወፍራም ነው።»

«ውሰደው ነው የምልህ።»

ሊቦሪዮ ቧንቧውን ማጥበቁን አላቆመም። «ጫማ ሰፊው ምን እንደደረሰበት መቼም ሰምተሻል» አላት።

ሲናገር አልዛተም። ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ልብስሽን አስገቢ እንደሚል ጎረቤት ነው የተናገረው። ጫማ ሰፊው ጋን አላስተክልም ብሎ ነበር። ሱቁ ተቃጠለ፤ እሱም ዛሬ በምርኩዝ ነው የሚሄደው።

ልጅቷ በሚያዝያ ተወለደች። በዚያ ቤት የሚሞቀው ክፍል ወጥ ቤቱ ብቻ ስለሆነ አራሷም ሕፃኗም እዚያው ከጋኑ አጠገብ ተኙ። እኔ የራሴን ጋን ለኩሼ ወርጄ የእሷንም እለኩሳለሁ፤ አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ልጅቷን አቅፌ አስገሳለሁ። ጋኑ አንዳንዴ በሆዱ ያጉረመርማል። ያን ጊዜ አግሪፒና የያዘችውን ማንኪያ ጥላ በሁለት እጇ ልጅቷ ላይ ትደፋለች። ጋኑ ዝም ሲል ቀና ብላ ታየኝና ታፍራለች።

አንድ ቀን እንዲህ ሆና ከተነሳች በኋላ «ኑንዚያ» አለችኝ፣ «ይሄ ነገር ልጄ መዳህ ሳትጀምር ከዚህ ቤት ይወጣል።»

«እሺ። አሁን ተኚ።»

«እየቀለድኩ እንዳይመስልሽ።»

«ኧረ ቀልደሽ በሆነ። አግሪፒናዬ፣ አንቺን ጋኑ ሳይሆን ንዴቱ ነው የሚገድልሽ። አውጪው ቢሉሽ በየት በኩል ታወጪዋለሽ? ማን ይፈቅድልሻል?»

«ማንንም አላስፈቅድም።»

«ያቃጥሉሻላ።»

«ማነው የሚያቃጥለኝ?» አለች። የጠየቀችኝ ለነገር መስሎኝ አልመለስኩላትም። ለካ የምሯን እያሰበችበት ኖሯል።

በእኛ ዘንድ ሕፃን ሳይጠመቅ አይሰነብትም። ሳምንት ካለፈው ሰው ማማት ይጀምራል። አግሪፒና ግን ሳምንቱንም አሳለፈችው፣ ሁለተኛውም ተገመሰ፣ ስለ ክርስትናው ትንፍሽ አትልም። የማዶዋ ሴትዮ ዳቦ ጋጋሪው ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ስታማት ነበር አሉኝ። እኔ ደግሞ የሳሮን ሙሉ ልብስ አስተኩሼ ሰቅያለሁ፤ ክርስትና የሚያነሳው እሱ እንደሆነ ማንም አልተጠራጠረም ነበር።

«ሳሮ ዝግጁ ነው» አልኳት።

«ሳሮ ጥሩ ሰው ነው» አለች።

እምቢታ መሆኑ ገባኝ። ተቀየምኳት፤ እስከ ማታ ድረስም አላናገርኳትም።

በማግስቱ ሊቦሪዮ አረቄውን ሊወስድ መጣ። ቆርቆሮዎቹን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ ሊወጣ ሲል አግሪፒና ከአልጋዋ ላይ ጠራችው።

«ሊቦሪዮ፣ ልጄን ክርስትና አንሳልኝ።»

እዚህ ላይ ነገሩን ቀለል አድርጎ የሚያነብ ካለ ልንገረው። አበልጅነት በሲሲሊ ሰው ዘንድ ቀልድ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ ራሱ መሐል የገባበት ነው። ወንድም ከወንድሙ ይጋደላል፣ ልጅ አባቱን ይክዳል፤ ይህን ሁሉ አይተናል። አበልጁ ላይ እጁን ያነሳ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ሰላምታ የሚመልስለት የለም፤ ሲሞትም ሬሳውን የሚሸከም አይገኝም። ተለምኖ እምቢ ማለትም አይቻልም። ሕፃኑን ወደ ሲኦል ሂድ እንደማለት ነው የሚቆጠረው።

ሊቦሪዮ ቆርቆሮዎቹን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«እኔ?»

«አንተ።»

«ዶን ጋስፓሬን አትጠይቂም? ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚጠይቀው።»

«ሰው ሁሉ ይጠይቀው። እኔ አንተን ነው የጠየቅኩት።»

ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ያሻሸው ጀመር። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለ።

«እናትህ ማን ነበር ስሟ?»

«ኤፒፋኒያ።»

«ልጅቷም ኤፒፋኒያ ትባል።»

ያ ግዙፍ ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ቆርቆሮዎቹን ረስቷቸው ወጣና ከደረጃው ተመልሶ መጥቶ ወሰዳቸው። አሳዘነኝ፤ ልዋሽ አልችልም። የብዙ ሰው አጥንት የሰበረ እጅ ነው፤ ሕፃኗን ለመንካት ግን አንድ ጣት ዘርግቶ ሳይነካት ነው የመለሰው።

በሩ እንደተዘጋ አፌን ከፈትኩባት። «አብደሻል እንዴ አንቺ! ካልጠፋ ሰው ይሄን አውሬ? ከእነሱ ወገን መጠጋት ካማረሽ ዋናውን አትይዢም ነበር?»

«ዶን ጋስፓሬ ክብሪት ሲጭር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«አላየሁም።»

«ዶን ጋስፓሬ ያዛል። የሚጭረው ሊቦሪዮ ነው። የጫማ ሰፊውንም እግር የሰበረው ሊቦሪዮ ነው። ማን ያቃጥለኛል ብዬ ጠይቄሽ አልነበር?» ልጅቷን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረቻት። «ያንን እጅ ነው የፈለግኩት።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝም ነገር ደስ አላለኝም፤ ፈራሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ልብሱን ቀያይሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። አዋላጇ ሕፃኗን አቅፋ፣ ሊቦሪዮ ከአጠገቧ ሻማ ይዞ፣ ሳሮ ያንን የተተኮሰ ልብሱን ለብሶ ከኋላ አኩርፎ። ዶን ጋስፓሬም ለሊቦሪዮ ክብር ሲል በመኪናው ሄደ። እናት አርባ ቀኗ ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አትረግጥም፤ ስለዚህ አግሪፒና ቀረች። እኔም ድግሱን ለማሰናዳት አብሬያት ቀረሁ። መንገዱ ጭር አለ።

የመጨረሻው ሰው ከማዕዘኑ እንደታጠፈ አግሪፒና ከአልጋዋ ወረደች። ፀጉሯን በሻሽ አሰረች። ከጋኑ ሥር የሚነደውን ጋዝ ዘጋች። ከዚያ የድፍድፉን በርሜል ወደ ፍሳሹ ደፋችው፤ ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ። ምን ልታደርግ እንደሆነ የገባኝ ከከሰሉ ሳጥን ጀርባ መጥረቢያ ስታወጣ ነው።

«አግሪፒና፣ አራስ ነሽ። ደም ይፈስሻል።»

«ይፍሰስ።»

የመጀመሪያው ምት ጋኑን አጎደጎደው እንጂ አልቀደደውም። ያ ወፍራም ነው የተባለ መዳብ እውነትም ወፍራም ነበር። ሁለተኛውን ደገመች። አታለቅስም፣ አትራገምም፤ ሥጋ እንደምትመትር ሴት ረጋ ብላ፣ የምትመታበትን ቦታ እየመረጠች ነው የምትመታው። ሆዱ ሲተረተር መጥረቢያውን ጣለችና የጋኑን ጆሮ ያዘች።

«በዚያ በኩል ያዥልኝ።»

«አልነካም።»

«እንግዲያው ከመንገዴ ዞር በይ።»

ብቻዋን ጎተተችው። ደፉ ላይ ስትደርስ ቁጭ አለች፤ ፊቷ ነጭ ሆኗል። ከዚያ እንደገና ተነሳች። ሴትየዋ በእጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው ብዬ ሌላኛውን ጆሮ ያዝኩ። የያዝኩት ለእሷ አዝኜ እንጂ እንደ እሷ ቆርጬ አይደለም። ጋኑን በፊት ለፊት በር አወጣነው፤ ከደረጃው በታች፣ ሰው በሚያልፍበት፣ በጠራራ ፀሐይ አስቀመጥነው።

ፖሊሱ በዚያ ሲያልፍ ጋኑን አየ። እኛን አየ። የሚከፈለው እንዳያይ ነበርና እንዲህ ፊት ለፊት ሲቀመጥለት ምን እንደሚያደርግ ማንም አልነገረውም። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ወደ ማዶ ተሻገረ። እኔ ከፍርሃቴ ጋር ሳቄ መጣ። አግሪፒና ግን አልሳቀችም፤ እጇን ታጥባ ንጹሕ ሽርጥ አሰረችና ደረጃው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች።

ሰዉ እየዘፈነ ነው የመጣው። ከፊት ሊቦሪዮ፤ ሕፃኗን ራሱ አቅፏታል፣ እንዳትወድቅበት እርምጃውን እየመረጠ ይራመዳል። ዘፈኑ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። የዶን ጋስፓሬ መኪናም ቆመች። እሱ ወርዶ ባርኔጣውን ለአግሪፒና አነሳ። አጭር፣ ንጹሕ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው።

«እንኳን ለዚህ አበቃሽ ልጄ» አለ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ባሌን የገደለው ጋን ወንድም ነው፣ ዶን ጋስፓሬ።»

«ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ይሄ ግን የኔ ንብረት ነው።»

«ይውሰዱት። ከቤቴ ያወጣሁት እንዲወስዱት ነው። ሌላ ግን አይገባም።»

ዶን ጋስፓሬ ፈገግ አለ። ወደ ሊቦሪዮ ዞረና «ልጅቷን ለሴቶቹ ስጥ» አለው። ሊቦሪዮ አልሰጠም።

«አግሪፒና አበልጄ ናት» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ? ገና የልጅቷ ፀጉር ከጥምቀቱ ውሃ ሳይደርቅ?»

«ቅዱስ ዮሐንስ ሰዓት አይቆጥርም፣ ዶን ጋስፓሬ።»

ዶን ጋስፓሬ ራሱ የግማሹ ሰፈር ልጆች ክርስትና አባት ነው። ሰው በሩን የሚከፍትለት፣ ምስጢሩን የሚነግረው፣ ፍርድ ቤት ቆሞ አላውቀውም የሚልለት በአበልጅነቱ ነው። አሁን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሊቦሪዮን አበልጅህን ምታ ቢለው የራሱንም ገመድ መበጠሱ ነው። ይህን እሱ ከኔ በፊት አስቦታል። ሌላ ሰው ቢልክባትም ያ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ሊቦሪዮን ነው።

«እውነትህን ነው» አለ በመጨረሻ። «አበልጅ ይከበራል። እኔም አከብራለሁ። አግሪፒና፣ ከእንግዲህ ያንቺ ወጥ ቤት የሕፃኗ ነው።» ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ አዞረ። «የጎደለውን ኑንዚያ ትሞላዋለች። ያንቺ ወጥ ቤት ሰፊ ነው አይደል? ነገ ሁለተኛ ጋን ይመጣልሻል።»

ሳሮን አየሁት። ጫማውን ያያል። አግሪፒናን አየኋት። ተነስታ ፎቅ ላይ ያለውን መስኮቴን ታያለች። ጋኑ ከቤቷ ወጣ ሲባል ሁለት ሆኖ ከልጇ ራስ በላይ ሊቀመጥ ነው። ይህን ሁሉ ያደረገችው በከንቱ ሊሆን ነው፤ ከንቱ የሚያደርገው ደግሞ የኔ «እሺ» ነው። «እሺ» አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ስንት ዓመት ያልኳት ቃል ናት።

«አይሆንም» አልኩ።

«አልሰማሁሽም ልጄ።»

«አይሆንም አልኩ፣ ዶን ጋስፓሬ። ሁለተኛው አይመጣም። ያለውም ይወጣል።»

ዶን ጋስፓሬ አልተቆጣም። እንደ ድሮው በለሰለሰ ድምፁ «ሊቦሪዮ» አለ፣ «ይችኛዋስ አበልጅህ ናት?»

ሊቦሪዮ አየኝ። አንዲት ቃል ብትዋሽልኝ ምን አለ ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እኔ ልጅ የለኝም፣ ልወልድም አልችልም፤ በየትኛውም በር ብገባ አበልጅ የማደርገው ሰው የለኝም።

«አይደለችም» አለ።

ቢሆንም ቃሌን አልመለስኩም። ያልኩትን ብያለሁ፤ ሁለተኛ ብጠየቅም ያንኑ ነበር የምለው።

«ሂድና አነጋግራት እንግዲህ» አለው ዶን ጋስፓሬ። ሊቦሪዮ ሲያነጋግር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሊቦሪዮ ሕፃኗን ለእናቷ ሰጣት። ኮቱን አውልቆ የደረጃው መደገፊያ ላይ አንጠለጠለ። ወደ እኔ መጣ። ዓይኔን ልጨፍን ስል አጠገቤ አልፎ ደረጃውን ወደ ላይ መውጣት ጀመረ፤ እኔም የሚሆነውን ለማየት ተከተልኩት። ወጥ ቤቴ ገብቶ ጋዙን ዘጋ፣ ቧንቧውን ፈታ፣ ትኩሱን ጋን በጆንያ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አወጣው። ሰውነቱ ተንገዳገደ፤ ትንሽ ቆሞ ወረደ። ጋኑን ከተሰበረው ጎን አስቀምጦ፣ ላቡን በክንዱ ጠርጎ፣ ዶን ጋስፓሬ ፊት ቆመ።

«አበልጄ አይደለችም» አለው። «የሷ ወለል ግን የልጄ ጣሪያ ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ገና ከላይ ነበርኩ። በክፍት መስኮቱ ነው የሰማሁት። መሬት ላይ የቀረውን የመዳብ ቧንቧ አየሁት፤ ረጅም ነው፣ ጫፉ ገና ይጤሳል። ማንም አላዘዘኝም። በሽርጤ ጠቅልዬ ተሸከምኩትና ደረጃውን ወረድኩ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቆሟል። ዶን ጋስፓሬ በመሐል መንገዴ ላይ ነበር። ዞር ይበሉ አላልኩትም፤ ቀጥ ብዬ ነው የሄድኩት። ቧንቧው ልብሱን ሊነካው ሲል ወደ ጎን አንድ እርምጃ ገለል አለልኝ።

ቧንቧውን ከጋኖቹ ላይ ጣልኩትና ወደ ሰዉ ዞርኩ። እጄ ተቃጥሎ ነበር፤ የታወቀኝ ግን በኋላ ነው።

«በሉ ግቡ፣ ፓስታው እየተጣበቀ ነው» አልኩ። «እርስዎም ይግቡ፣ ዶን ጋስፓሬ። ወጥ ቤቱ አሁን ጋን የለበትም፣ ሁላችንንም ይበቃናል።»